መልአኩ ሲመጣ እመቤታችን ትፈትል ነበር

እንኳን ለብሥራተ ገብርኤል አደረሳችሁ! ታኅሣሥ 22 ቅዳሴ ወጥተን በሩ ላይ ሰላም ስንባባል፣ አንዲት እኅታችን እናቷን ስታስተዋውቀን «እማዬ ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው» አለች። እናትየው አቀረቀሩ። እሷ ያጣፋችውን ነጠላ የፈተሉት ግን እኚሁ እናት ናቸው። እዚህ የካ አባዶ እንዲህ ያለውን ንግግር አዘውትሬ እሰማለሁ። ያሳዝነኛል።

ወገኖቼ፣ የዚያን ቀን የሰማነው ስብከት የት ገባ? አባቶቻችን እንዳስተማሩን፣ ቅዱስ ገብርኤል ሲያበስራት እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር፤ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ። ጌታን የታቀፈች እጅ እንዝርት ይዛለች። ብሥራቱ የተፈጸመበት መጋቢት 29 ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል በዓሉ ታኅሣሥ 22 እንዲከበር ያደረገው ኤጲስ ቆጶሱ ቅዱስ ደቅስዮስ ነው። ስንክሳሩ እንደሚነግረን እመቤታችን ለእርሱም ልብስ ሰጥታዋለች።

ምሳሌ 31 ላይ «በእጆችዋም ደስ ብሎአት ትሠራለች» የሚለውን ቃል በጣም እወደዋለሁ። ዝቅ ብላችሁ አንብቡ። እጅዋን ወደ አመልማሎ ትዘረጋለች፤ በቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ያው እጅ ወደ ድሀ ይዘረጋል።

እናት ስትፈትል ቁጭ ብላችሁ አይታችኋል? ጥጡ ፍሬው ወጥቶ፣ በደጋን ተነድፎ፣ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ እንዝርቱ ይሾራል። ክሩ ከወፈረ ነጠላው ያስታውቃል፤ ከቀጠነ ደግሞ ይበጠሳል። ጣታቸው ይህን ሲለካ ከንፈራቸው ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ማታ እንዝርቱ ሞልቶ ሲያዩት ፊታቸው ላይ የሚነበበውን እርካታ ብዙዎቻችን ከቢሮ ይዘን አንገባም። ይሄ ነው እንግዲህ «ሥራ የላትም» የተባለው!

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኛ ግን ዛሬም ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን እንንቃለን። ያውም ቆርበን፣ ያውም እነሱ የሠሩትን ለብሰን። ንስሐ ያስፈልገናል።

እናቶቼ፣ እናንተ ግን አይክፋችሁ። የሐዋርያት ሥራ 9ን አስነብቡ። ጣቢታ ኢዮጴ ላይ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። ጌታም በጴጥሮስ ጸሎት አስነሣት። የእናንተንም የእጅ ሥራ እርሱ ያየዋል። መሶቡን፣ ሰፌዱን፣ የለቀማችሁትን ምስር ሳይቀር።

ልጆች ሆይ፣ ልደት ደርሷል። ብዙ እናቶች ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ሸማኔ ርቋቸዋል። የፈተሉት ማግ በፌስታል ታስሮ አልጋ ሥር ተቀምጧል። አንድ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ውሰዱላቸው። የሽመናውንም እናንተ ክፈሉ።