ስለ ዲ ኤንድ ዲ እና ስለ ሚና ጨዋታዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ ለወሎ ወጣቶች ገና አዲስ ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰቡና አንዱ ጌም ማስተር ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዘው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን የጀመሩ ወይም ለመጀመር የሚያስቡ የማውቃቸው ልጆች ሁሉ የሰሙት ስም አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ፣ በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ ነው። የአንድ ጨዋታ ስም ዘርፉን በሙሉ ሲሸፍነው፣ ሰው ስለ ሌሎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ስለ ትልቁም የተዛባ ግምት ይይዛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ከዚህ በታች አነሳለሁ።

«የሚና ጨዋታ ማለት ዲ ኤንድ ዲ ነው።»

ዲ ኤንድ ዲ በጋሪ ጋይጋክስ እና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሲሆን፣ ለሽያጭ ከቀረቡት የሚና ጨዋታዎች የመጀመሪያው መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በ1977 ትራቬለር ጨዋታውን ወደ ጠፈር ወሰደው፤ በ1981 ደግሞ ኮል ኦፍ ክቱሉ ተዋጊዎችን ትቶ ጋዜጠኞችንና መምህራንን የመሰሉ ተራ ሰዎች አስፈሪ ምሥጢር የሚመረምሩበትን መንገድ ከፈተ። ጀርመን ውስጥ ከ1984 ጀምሮ ዳስ ሽቫርትሰ አውገ የተባለው የአገሩ ጨዋታ ለረጅም ዘመን ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል፤ ስዊድኖች በ1982 በቋንቋቸው ባወጡት ድራካር ኦክ ዴሞነር አድገዋል፤ በጃፓን ደግሞ ኮል ኦፍ ክቱሉ ከዲ ኤንድ ዲ ይበልጥ ይወደዳል። ስለዚህ ሁሉም አገር በአንዱ በር መግባት አልነበረበትም፤ እኛም የለብንም።

«ቀዳሚ የሆነው ከሁሉ ስለሚሻል ነው።»

በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ነገር ግን የሚና ጨዋታ ብቻን የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም፤ አራት ወይም አምስት ሰው ይፈልጋል፤ እነዚህን ሰዎች ማግኘት የሚቀለው ደግሞ ሁሉም አስቀድሞ ስሙን በሰማው ጨዋታ ነው። ተጫዋች ተጫዋችን ስለሚስብ ቀድሞ የተነሳው እየራቀ ይሄዳል። የመጀመሪያው አሳታሚ ቲኤስአር በ1997 ለመክሰር ተቃርቦ ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ሲሸጥ፣ ይህም ኩባንያ በ1999 በአሻንጉሊት አምራቹ ሃዝብሮ ሲገዛ፣ የጨዋታው ስም ግን አልሞተም። እንዲያውም የትልቅ ድርጅት ገንዘብና የማከፋፈያ መረብ ተጨመረለት። ትናንሽ አሳታሚዎች ይህን ሁሉ በጥራት ብቻ ሊያካክሱት አይችሉም።

«የዲ ኤንድ ዲ ሕግ ለማንኛውም ታሪክ ይበቃል።»

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም የራሳችንን ታሪክ ለመጫወት በተነሳን ቁጥር መንገድ ላይ የሚያስቀረን እርሱ ነው።

ከጓደኞቼ ጋር ደሴ ላይ የባቲን የሰኞ ገበያ መነሻ ያደረገ ታሪክ ተጫውተን ነበር። ከአፋር ቆላ አሞሌ ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች፣ በግመል ምክንያት ደም ሊቃቡ የደረሱ ሁለት ወገኖች፣ በመካከላቸው የሚገባ አንድ አበጋር፣ ማለትም ጠብ የሚያበርድ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ነበሩበት። የአበጋሩን ሚና የያዘችው ጓደኛችን ለማን ምን እንደምትል፣ ካሣው እንዴት እንደሚነሳ፣ ዱዓው መቼ እንደሚደረግ ሁሉ አስባበት መጥታ ነበር። ሕጉ ግን ለዚህ ያዘጋጀው ነገር እጅግ ትንሽ ነው፤ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል፣ የማሳመን ችሎታ ነጥብ ይደመርበታል፣ ድምሩ ጌም ማስተሩ ካስቀመጠው ቁጥር ከደረሰ ነገሩ ይሳካል። ዳይሱ 17 ወጣና ሽማግሌ ቀናት ሊቀመጥበት የሚገባው ጠብ በአንድ ውርወራ በረደ። በኋላ ነጋዴዎቹ ላይ ሽፍቶች ሲወጡባቸው ግን ሕጉ ነፍስ ዘራ። ማን እንደሚቀድም፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ርቀት እንደሚራመድ፣ ትጥቁ ምን ያህል እንደሚከላከል፣ የጉዳቱ መጠን በየትኛው ዳይስ እንደሚወሰን ሁሉ ተጽፏል፤ ምሽቱም በዚያው አለቀ።

ጥሩ ጌም ማስተር ዕርቁን ሊያረዝመው ይችል ነበር የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚያደርገው በሕጉ ረዳትነት ሳይሆን ሕጉን ወደ ጎን ትቶ ነው። ዲ ኤንድ ዲ የተወለደው በትናንሽ የወታደር ምስሎች ከሚካሄዱ የጦርነት ጨዋታዎች በመሆኑ አብዛኛው ዝርዝሩ ውጊያን የሚመለከት ነው። በ2013 የታተመው የሮቢን ሎውስ ጨዋታ ሂልፎክ ይህን ገልብጦታል። በእርሱ ዋናው ትዕይንት አንዱ ገጸ ባሕርይ ከሌላው ልብ የሆነ ነገር የሚለምንበት ነው፤ የተለመነው እሺ ካለ ለእርሱ፣ እምቢ ካለ ደግሞ ለለማኙ፣ በኋላ የሚጠቅም ምልክት ይሰጣል። ሽምግልናን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ሁሉም ጨዋታ ዲ ኤንድ ዲ ነው ብሎ የሚያስብ ቡድን ግን እንዲህ ያለ ሕግ ይኖር ይሆን ብሎ እንኳ አይፈልግም፤ የባቲ ታሪክ «አልሆነም» ብሎ ወደ ዲ ኤንድ ዲ የዘንዶ ውጊያ ይመለሳል።

«አንዱን ለመልመድ ይህን ያህል ከደከምን ሌላውን ማን ይማራል?»

ድካሙ የትልቁ ጨዋታ እንጂ የዘርፉ አይደለም። የዲ ኤንድ ዲ ሦስቱ መሠረታዊ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ከ300 ገጽ በላይ ናቸው። ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ የተባለው የጆን ሃርፐር ጨዋታ ግን ሙሉ ሕጉ በአንድ ገጽ ያለቀ ከመሆኑም በላይ በነፃ ይገኛል።

«የትልቁ ማደግ ለሁሉም በረከት ነው።»

ግማሽ እውነት አለው። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2000 ክፍት የጨዋታ ፈቃድ ሲያወጣ ብዙ ትናንሽ አሳታሚዎች በዲ ኤንድ ዲ ሕግ ላይ ተመሥርተው ሥራ ጀመሩ። ነገር ግን በ2003 የተሻሻለ እትም በድንገት ሲመጣ በመጋዘን የተከማቸው የብዙዎቹ መጽሐፍ ጊዜ ያለፈበት ሆነ፤ የተዘጉም ጥቂት አይደሉም። በጥር 2023 ደግሞ የቀድሞውን ፈቃድ የሚሽርና በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ከሚገኝ ገቢ ላይ 25 በመቶ የሚጠይቅ ረቂቅ አፈትልኮ ወጣ። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ረቂቁን ተወው፤ በዚያው ሰሞን ፓዝፋይንደር የተባለው ተፎካካሪ ጨዋታ አሳታሚ ፓይዞ ለስምንት ወር ይበቃል ያለውን የዋና መጽሐፉን ክምችት በሁለት ሳምንት መሸጡን አስታወቀ። እንጀራው በሌላው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ አሳታሚ በጥሩ ዘመን ያድጋል፤ ባለቤቱ ሐሳቡን በቀየረ ዕለት ግን መጠለያ የለውም።

«ይህ የአጋንንት ጨዋታ ነው።»

እናቶች «ልጄ፣ የጥንቆላ ነገር እንዳይሆንብህ» ሲሉ ስጋታቸው ከፍቅር ነውና ሊናቅ አይገባም። ስጋቱ አሜሪካም ነበር፤ በ1980ዎቹ የነበረው ውግዘት በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም አጋንንትን የሚመለከቱ ስሞች እንዲወጡ እስከማድረግ ደርሷል። የሚያሳዝነው ምንም ጭራቅ የሌለባቸው ጨዋታዎች ጭምር በአንዱ የሽፋን ሥዕል መፈረዳቸው ነው። ቤተሰብ ለሚጠይቅ ተጫዋች የምመክረው «አብሽሪ» ብሎ ማለፍን ሳይሆን፣ እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ አንድ ዙር ማስመልከትን ነው።

«በአማርኛ ለማዘጋጀት የኩባንያውን ፈቃድ መለመን ያስፈልጋል።»

ከ2023ቱ ውዝግብ በኋላ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ፣ ማለትም ኤስአርዲ 5.1፣ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ይህ ፈቃድ ምንጩን እስከጠቀሱና ለውጥ ማድረግዎን እስከገለጹ ድረስ መተርጎምን፣ መቀየርን፣ መሸጥንም ጭምር ይፈቅዳል፤ አንዴ ከተሰጠም ኩባንያው መልሶ አይወስደውም። ፈቃዱ የሚሸፍነው ግን በዚያ ሰነድ ውስጥ ያለውን ብቻ በመሆኑ የሌሎቹን መጻሕፍት ታሪክ፣ ሥዕልና የንግድ ምልክት አይጨምርም። ከዚህም ሌላ የቅጂ መብት በአጠቃላይ የሚጠብቀው የሕጉን አጻጻፍ እንጂ የአጨዋወቱን ሐሳብ አይደለም፤ ስለዚህ የባቲን ገበያና የአበጋሩን ዕርቅ በራሱ ቃላት፣ በራሱ ሕግ ከዜሮ ጀምሮ ለሚጽፍ ሰው የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።