በእርግዝና የሚወሰድ መድኃኒትና የልጅ ጆሮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልና በስታዲየም አካባቢ መድኃኒት ቤት በመድኃኒት ቤት ላይ ተደርድሯል። መድኃኒቱ እንዲህ ቅርብ በሆነበት ስፍራ፣ ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ መድኃኒት የሚነገረውም ብዙ ነው፤ አንዳንዱ የልጅን ጆሮ የሚያሳጣ ነው።

«መርፌው ለእናት ነው፤ ለፅንሱ አይደርስም።»

ይደርሳል። ለቲቢ በመርፌ የሚሰጠው ስትሬፕቶማይሲን በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፤ በፅንሱ የውስጠኛ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡትን ረቂቅ ሕዋሳት ሊገድል ይችላል። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጄንታማይሲንም ከዚሁ ወገን ነው፤ ጽኑ ኢንፌክሽን ሲያጋጥም ሐኪም ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ሊያዝዘው ይችላል። ያለ ማዘዣ መግዛት ግን ፈጽሞ አይገባም።

«እንግዲያውስ ቲቢ የያዛት ነፍሰ ጡር መድኃኒቷን ታቁም።»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። በተለመደው የ6 ወር ሕክምና የሚሰጡት እንክብሎች፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ኢታምቡቶልና ፒራዚናማይድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ጊዜም እንዲወሰዱ የሚመክራቸው ናቸው። ያልታከመ ቲቢ እናትን ሊገድል ይችላል፤ ልጁም ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ፣ በበሽታውም ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱን ለመቀየርም ሆነ ለማቆም የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ጎረቤት አይደለም።

«ከ3 ወር በኋላ ስጋት የለም።»

የጆሮ ቅርጽ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሆኑ እውነት ነው፤ እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ ለማቅለሽለሽ ይታዘዝ በነበረው ታሊዶማይድ ምክንያት ጆሮ የሌላቸው ልጆች ተወልደዋል። የመስማት ክፍሉ ግን ከዚያም በኋላ ሲያድግ ይቆያል። አልኮልም በየትኛውም ወር ይጎዳል፤ ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው።

«ልጁ መስማት የተሳነው እናቱ በወሰደችው ነገር ነው።»

ብዙውን ጊዜ አይደለም። የዘር ውርስ፣ በእርግዝና የሚይዝ ሩቤላ የሚባል ኩፍኝ መሰል ሕመም፣ ማጅራት ገትር፣ የከፋ የአራስ ቢጫነት፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሳይመረመር እናትን መክሰስ ግፍ ነው።

«ድምፅ ያወጣል፤ ስለዚህ ይሰማል።»

የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ሌላው ያለቅሳል፣ «አጉ» ይላል። በር ሲላተም ቢደነግጥም ንዝረቱ ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ ነገር ምርመራ ነው፦ ተኝቶ ሳለ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ይገባል፤ አያምም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። የሚመከረው ልጁ 1 ወር ሳያልፈው መመርመር፣ 3 ወር ሳያልፈው ውጤቱን ማረጋገጥ፣ 6 ወር ሳያልፈው ድጋፍ መጀመር ነው። በእርግዝና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙን ከማስታወስ ይሻላል።