«ዲስኩ ሞልቷል፣ ሎጉን አጥፋው» እና ሌሎች የማይሞቱ እምነቶች

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ይህን ጥሪ ያውቀዋል፦ «ዲስኩ መቶ በመቶ ሞላ። ትልቁን ሎግ ፋይል አጠፋሁት፤ አሁንም ሞልቷል ይላል። ዲስኩ ሳይበላሽ አልቀረም።» ዲስኩ ደህና ነው። (ሎግ ማለት ፕሮግራም የሠራውን እየመዘገበ የሚጽፍበት ፋይል ነው።) ይህንኑ መልስ ደጋግሜ መስጠት ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

«ፋይሉን ካጠፋሁት ቦታው ተለቋል»

አልተለቀቀም። በሊኑክስ (ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሥርዓተ ክወና) የፋይል ስምና የፋይል ይዘት ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። «አርኤም» የተባለው ትእዛዝ የሚሰርዘው ስሙን ከማውጫው ላይ ነው። ይዘቱ ከዲስኩ የሚለቀቀው ሌላ ስም ከሌለውና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ከሌለ ብቻ ነው። ዌብ ሰርቨሩ ሎጉን ከፍቶ እየጻፈበት ሳለ ስሙን ብትሰርዙበት መጻፉን ይቀጥላል፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ሲያድግ ማውጫው ላይ አለመታየቱ ነው። የዲስክ ቦታ ከሚለኩት ትእዛዞች «ዲኤፍ» ሞልቷል እያለ የ«ዲዩ» ድምር ግማሹን ብቻ የሚያህለውም ለዚህ ነው። ዲዩ በስም ያገኛቸውን ፋይሎች ይደምራል፤ ዲኤፍ የፋይል ሥርዓቱን ራሱን ይጠይቃል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ይህን ልዩነት ያየ ባለሙያ አዲስ ዲስክ ይገዛ ብሎ ደብዳቤ አስፈርሞ ደረስኩ። «ኤልኤስኦኤፍ» የተባለውን ትእዛዝ «ፕላስ ኤል 1» ከሚለው ምርጫ ጋር አስኬድኩት፤ ስማቸው ጠፍቶ ያልተዘጉ ፋይሎችን ይዘረዝራል። አንዱ መስመር ላይ የጃቫ ፕሮግራም፣ አጠገቡ የዲስኩን አብዛኛውን ክፍል የሚያህል መጠን፣ መጨረሻው ላይ በቅንፍ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲነሳ ቦታው ተመለሰ። ደብዳቤውን ማሰረዝ ግን ከማስፈረሙ የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

እየተጻፈበት ያለ ሎግ መሰረዝ የለበትም፤ በ«ትራንኬት» ትእዛዝ መጠኑ ወደ 0 ይወርዳል። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ እንዲጽፍ ሆኖ ያልከፈተው ከሆነ ካቆመበት ርቀት ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ፋይሎችን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» የድሮውን ግዙፍ መጠን ቢያሳይም ዲስኩ ላይ የያዘው ጥቂት ነው፤ አትደንግጡ። ዘላቂው መፍትሔ ሎጎችን በየጊዜው በአዲስ እየተካ አሮጌዎቹን የሚያስወግደው «ሎግሮቴት» ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ አዲሱን ፋይል እንዲከፍት የሚነግረውን መስመር የሚዘነጉ ብዙ ናቸው፤ እነሱ ያው ችግር ቀጠሮ ይዞ ይመጣባቸዋል።

የተሰረዘ ፋይል ካልተገኘ «ዲኤፍ»ን በ«አይ» ምርጫ ተመልከቱ፤ ጊጋባይቱ ተርፎ የፋይል ቁጥር ኮታው (ክፍሉ ሊይዝ የሚችለው የፋይል ብዛት) ያለቀ ይሆናል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የሴሽን ፋይሎች (ድረ ገጽ ለየጎብኚው የሚከፍታቸው) ባሉበት የተለመደ ነው። የተለመደው የሊኑክስ ፋይል ሥርዓት ኤክስት 4 ደግሞ ካልተነገረው በቀር 5 በመቶውን ለ«ሩት» (ለዋናው አስተዳዳሪ) ያስቀራል፤ ከ1 ቴራባይት ላይ ወደ 50 ጊጋባይት ማለት ነው። ዳታ ብቻ በሚቀመጥበት ክፍል ላይ በ«ቱን 2 ኤፍኤስ» ትእዛዝ ይህን ድርሻ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሥርዓቱ ራሱ ያለበትን ክፍል ግን ተዉት።

«ሜሞሪው አለቀ፣ ነፃው ጥቂት ነው»

«ፍሪ» የተባለው ትእዛዝ በሚያሳየው ላይ «ፍሪ» የሚለውን ዓምድ ትታችሁ «አቬይለብል» የሚለውን አንብቡ። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ሜሞሪ ላይ ከዲስክ ያነበበውን ያቆያል፤ ፕሮግራም ሲፈልገው ይመልሳል።

«ፒንግ አይመልስም፣ ሰርቨሩ ሞቷል»

የኔትወርክ መግቢያውን የሚቆጣጠረው ፋየርዎል ፒንግን (ሰርቨሩ መኖሩን የሚጠይቀውን መልእክት) ከልክሎ ይሆናል። አገልግሎቱ የሚሰማበትን ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) ሞክሩ።

«ሬይድ ስላለን መጠባበቂያ ቅጂ አያስፈልገንም»

ሬይድ እዚህ ያንኑ ዳታ በሁለት ዲስክ ላይ እኩል የሚጽፍ አሠራር ነው፤ በስህተት ያጠፋችሁትን ሠንጠረዥ በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ያጠፋላችኋል።

«777 ስጠው፣ ይሠራል»

777 ማንም ሰው እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ የሚፈቅድ የፈቃድ ቁጥር ነው፤ ይህን የመከረ ሰው መዘዙን ቆሞ አያይም። የተጠቃሚው ዋና ማውጫ ማንም ሰው እንዲጽፍበት ሲከፈት ኤስኤስኤች (ወደ ሰርቨሩ ከርቀት የሚገባበት ፕሮግራም) ቁልፉን አልቀበልም ብሎ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ከዚያ «ቁልፌ ተበላሸ» ተብሎ ይመጣብኛል። ዋናው ማውጫ 755፣ የኤስኤስኤች ማውጫው 700፣ የቁልፎቹ ፋይል 600 ይሁን፤ ቁልፉ ምንም አልሆነም።

«ያልሞተ ፕሮግራም በኪል 9 ይሞታል»

«ኪል» ለፕሮግራም በቁጥር የሚታወቅ ምልክት የሚልክ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ 15ን («ዝጋ» የሚለውን) ላኩና ጠብቁ፤ 9 (ወዲያው የሚገድለው) ፕሮግራሙን ፋይሎቹን አስተካክሎ የመዝጊያ ዕድል ይነሳዋል። የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው «ፒኤስ» ላይ «ዲ» የሚል ሁኔታ የሚታይበት ፕሮግራም ዲስክ ወይም በኔትወርክ ያለ ማከማቻ እየጠበቀ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ 9ም አይነካውም። እሱን ትታችሁ ማከማቻውን መርምሩ።