የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በኢትዮጵያ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሁለት ነገር አንድ ላይ ይመጣል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡም ይጠናል። ተማሪው ጊዜ ያገኛል። ጣሪያቸው ያረጀባቸው እናት ደግሞ ባልዲና ሳፋ ሲያቀያይሩ ያነጋሉ። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት የሚደረግ ሥራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጉልበቱና ጊዜው የሰፈር ሰው ነው፣ በተለይ የወጣቱ። ማስተባበሩ የመንግሥት ነው። ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ ደብተሩ ከተቋማት፣ ከነጋዴዎችና አቅም ካላቸው ነዋሪዎች ይሰበሰባል። በአገር ደረጃ ጉዳዩን የሚይዘው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። በክልሎች የወጣቶች ጉዳይ ቢሮዎች አሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ለዚሁ ብላ ራሱን የቻለ የሕብረተሰብ ተሳትፎና በጎ ፈቃድ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አቋቁማለች። ሥራው መሬት የሚረግጠው ግን ወረዳና ቀበሌ ላይ ነው። ማን ምን እንደቸገረው የሚያውቀው እዚያ ያለ ሰው ነውና።

በአንድ ክረምት የሚሠራው ብዙ ነው። የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ያገኛሉ። ደም ይለገሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ የተደፈነ ቱቦ ይጠረጋል። ሐኪሞች ነፃ ምርመራ ይሰጣሉ። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች አደባባይና መሻገሪያ ላይ ቆመው እግረኛ ያሻግራሉ። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ማዕድ ማጋራት አለ። ይሄኛው በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም፣ ሥራ የቆመበትን ጎረቤት ለመደገፍ በሰፊው ተጀመረ፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ቀጠለ።

ከየት መጣ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ገበሬ አጨዳ ሲደርስበት ደቦ ይጠራል፤ የመጣውን ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። ወንፈል ደግሞ ተራ ነው፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። ከተማው ዕድር አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመላልሰው ማንም ደመወዝ አይከፈለውም። መንግሥት የሚያስተባብረው በጎ ፈቃድ በዚህ ልማድ ላይ የቆመ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። በደቦ የሚጠራህ ጎረቤትህ ነው። እዚህ የሚጠራህ ወረዳው ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር የሚወስነው እሱ ነው።

መንግሥት የተማረ ወጣትን ወደ ሕዝቡ የመላክ ሐሳብም ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1957 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው ማገልገል ጀመሩ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆኑ። የከተማ ልጅ ስለ አገሩ በመጽሐፍ የሚያውቀውን በዓይኑ ያየው ያኔ ነው። ብዙዎቹ የገበሬውን ኑሮ አይተው ሲመለሱ የፖለቲካ አመለካከታቸውም ተቀይሮ ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ የመሬት አዋጁ ሲወጣ የገበሬ ማኅበር አደራጁ። ግን ፈቃድ አልነበረም። አልዘምትም ያለ ትምህርቱም ሥራውም ይቀርበት ነበር። በየቦታው ከባለመሬቶችና ከባለሥልጣናት ጋር የተጋጩ፣ ሕይወታቸውም ያለፈ ዘማቾች አሉ። ዛሬም የዚያ ዘመን ሰው ስለ ዘመቻው ሲያወራ ደስታውና ኀዘኑ አብረው ይመጣሉ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተሻለ ስም አለው። በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በዩኔስኮ በኩልም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። አያቶቻችን ስማቸውን መጻፍ የቻሉት፣ በጣት አሻራ ፈንታ መፈረም የጀመሩት በዚያ ነው። በየቀበሌው ማታ ማታ በኩራዝ የተማሩ እናቶች ታሪክ ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

ቤት እድሳት

ከሁሉም ሥራ የሰውን ኑሮ ቶሎ የሚለውጠው ይሄ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ቤቶቹ ለምን እንደዚህ አረጁ? መልሱ ታሪክ ውስጥ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነ። በወር ከ100 ብር በታች ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ዝቅ ተደረገ፤ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን በዚያች ኪራይ ቤት ማደስ አይቻልም። ተከራዩም ቤቱ የሱ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይችልም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ሰዉም አረጀ። ዛሬ የሚታደሱት ብዙዎቹ ቤቶች የዚያ ውርስ ናቸው። አርበኛ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ጧሪ የሌላቸው ሰዎች ናቸው የሚኖሩባቸው።

መጀመሪያ መረጣ አለ። የወረዳው ሰዎች፣ የዕድር ዳኛና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተነጋግረው የከፋውን ያስቀድማሉ። ሰፈሩ የሚያጉረመርመውም የሚመርቀውም እዚህ ላይ ነው። ረዳት የሌላቸው እማማ እያሉ ልጁ ውጭ አገር ያለ ሰው ከተመረጠ በማግስቱ ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ቤቱ ይለቀቃል። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ረከቦቱ፣ ግድግዳ ላይ የነበረው የልጅ ፎቶ ጎረቤት ቤት ይገባል። እማማም እዚያው ይሰነብታሉ። ቆርቆሮው ሲነሳ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነገር አለ። ጣሪያ ብቻ ይቀየራል ተብሎ የተገባበት ቤት ምሰሶው በምስጥ ተበልቶ ይገኛል። በእጅ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። በዚህ ጊዜ እድሳት የተባለው ከመሠረቱ መሥራት ይሆናል፤ በጀቱም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያለው አስተባባሪ ቆርቆሮ ከመቁጠሩ በፊት አናጺ ይዞ ሄዶ ምሰሶውን ያስመታል።

ወጣቶቹ አፈር ይዝቃሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ይረግጣሉ። ማገር መምታቱና ቆርቆሮ ማልበሱ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። አንድ አናጺ ከጎናቸው ከሌለ የአሥር ልጅ ጉልበት ለፍቶ መና ይሆናል። የሰፈሩ ሴቶች ምሳና ቡና ያመጣሉ። አንድ ልጅ ስልኩ ላይ ዘፈን ይከፍታል። ሁለት ሳምንት ያህል ሰፈሩ ድግስ ያለበት ይመስላል።

አንድ ችግር ግን አለ፤ በግልጽ መነገር አለበት። ጭቃ ቤት በክረምት መሥራት ለጭቃው አይመችም። ምርጊቱ አይደርቅም። በደንብ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ በጥቅምት ይሰነጠቃል። ሥራውን ግንቦት ላይ የጀመሩ ወረዳዎች በዚህ ብልህ ናቸው። ዝናቡ ሳይጠና ጣሪያው ይከደናል፣ ክረምቱን ውስጥ ውስጡን ይሠራል። በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የተጎሳቆሉ ቤቶችን በአንድ ላይ አፍርሶ በባለሀብቶች ድጋፍ ባለ ፎቅ መሥራትም ተጀምሯል። መሬት ይቆጥባል፣ ቤቱም ይበረክታል። ደረጃ መውጣት ለሚከብዳቸው አረጋውያን ምድር ቤቱን መስጠት እንዳይረሳ ግን አደራ።

ደም፣ ትምህርት፣ ችግኝ

የደም ልገሳ በክረምት ልዩ ትርጉም አለው። ከደም ለጋሾች ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚሰበሰበው ደም ይቀንሳል። ወላዷ፣ የመኪና አደጋ የደረሰበት፣ የካንሰር ታማሚው ግን ለክረምት ብለው አይጠብቁም። ድሮ የደም አገልግሎቱን የሚመራው ቀይ መስቀል ነበር፤ በ2004 ዓ.ም ወደ ጤና ጥበቃ ተዛወረ። አንድ ሰው የሚሰጠው ደም ተለያይቶ እስከ ሦስት ሕመምተኛ ሊደርስ ይችላል። ከደሙ የሚለየው ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዳው ክፍል፣ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሺህ ሰው ተሰልፎ ለሁለት ወር ዝም ከማለት ጥቂት ጥቂት ሰው በየሳምንቱ ቢመጣ ይሻላል። ድንኳን ተክሎ ሙዚቃ የሚከፍት ሁሉ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

የማጠናከሪያ ትምህርቱን የሚሰጡት ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ የክረምት ትምህርት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መሆኑ ቀርቷል። አስጠኚ መቅጠር ለማይችል ቤተሰብ ያቺ የሐምሌ ክፍል ብቸኛዋ ዕድል ናት። ሒሳብ የከበደው ልጅ፣ ከሱ አምስት ዓመት የሚበልጥ የሰፈሩ ልጅ ሲያስረዳው ቶሎ ይገባዋል። ነገ እኔም እዚያ እደርሳለሁ ይላል።

ችግኝ ተከላው በ2011 ዓ.ም ከተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ጋር ተያይዟል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከሉ ጥሩ ነው። ችግኝ ግን የሚሞተው በጋ ላይ ነው፤ ጥር ላይ ውኃ ይዞ የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

ከክልል ክልል

ከክረምቱ ሥራ ለየት ያለ ደግሞ አለ። የሰላም ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም የጀመረው ብሔራዊ የወጣቶች በጎ ፈቃድ ማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ በጎነት ለአብሮነት ይባላል። የተመረቁ ወጣቶች ሥልጠና ወስደው ከተወለዱበት አካባቢ ውጭ ይመደባሉ። ዓላማው ሁለት ነው። አካባቢውን ማገልገል፣ እግረ መንገዱንም ሌላውን ሕዝብ ከነቋንቋው ማወቅ። ሐሳቡ ከላይ ያነሳነውን የ1957ቱን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያስታውሳል። አገሪቱ በግጭት ውስጥ ባለችበት ጊዜ ወላጅ ልጁን ሩቅ ለመላክ መስጋቱ አይፈረድበትም። ቢሆንም ሐሳቡን እወደዋለሁ። ሰው ቤቱ ገብተህ ቡና የጠጣህበትን ሰፈር በወሬ ብቻ አትፈርድበትም።

የፈቃድ ነገር

በጎ ፈቃድ የሚለው ቃል ውስጥ ፈቃድ አለ። ሰራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ስም ተቆጥሮ ሲወጣ፣ ቲሸርት ተሰጥቶት ፎቶ ተነስቶ ሲመለስ፣ ያ ፈቃድ ይሳሳል። ሪፖርቱ ላይ ግን ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው ተሳተፈ፣ ይህን ያህል ብር ወጪ ተረፈ ተብሎ ይጻፋል። ቁጥር መጥፎ አይደለም። የታደሰው ቤት ዓመት ሞልቶት ቆሞ እንደሆነ፣ የተማረው ልጅ ማለፉን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።

ሌላም አለ። በገጠር ከ2003 ዓ.ም ወዲህ በልማት ቡድን ተደራጅተው ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ በጤና ተቋም ስለ መውለድ ጎረቤቶቻቸውን የሚያስተምሩ ሴቶች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝተኛ ናት። እነሱ አይደሉም። ልጅ፣ ውኃ፣ ማጀትና እርሻ ላይ ተጨምሮ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ዓመቱን ሙሉ ያለ ክፍያ የሚሠሩ እናቶች ቢያንስ የትራንስፖርትና የሥልጠና ጊዜያቸው ሊታሰብላቸው ይገባል እላለሁ። ለወጣቱም እንደዚያው። በባዶ ሆዱ ጭቃ ሲረግጥ የዋለን ልጅ ምሳ ማብላት ትልቅ ነገር አይደለም። የምስክር ወረቀቱም በጊዜው ይሰጠው፤ ሥራ ሲፈልግ ይጠይቁታል።

መሳተፍ የሚፈልግ ሰው ረጅም ሂደት የለበትም። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብ፣ የሚችለውን ሙያ መንገር ነው። አናጺ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ነርስና የሒሳብ አስተማሪ ሁልጊዜ ይፈለጋሉ። ለደም ደግሞ ወረዳም አያስፈልግም፤ በቀጥታ ደም ባንክ መሄድ ይቻላል። ዕድሜ ከ18 በላይ፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ፣ ጤና ደኅና ከሆነ በየሦስት ወሩ መስጠት ይቻላል። ሐምሌ ላይ የሰጠ ሰው ጥቅምት ላይ ተራው እንደገና ይደርሳል።