«በአንድ ጠብታ ደም ካንሰር ይታወቃል» የሚባለው እውነት ነው?

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ አንድ ወሬ አለ፦ «ደም ብቻ ሰጥተህ ካንሰር ይኑርብህ አይኑርብህ ይነግሩሃል አሉ።» ቲክቶክ ያደረሰን ወሬ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን መልሱ በቀለለ። ግን ግማሹ እውነት ነው።

ሴሎቻችን ሲሞቱ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ይተዋሉ። ደም ውስጥ እንዲህ ያለ ዲኤንኤ መኖሩን ማንዴልና ሜቴ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፈዋል። የካንሰር ሴልም ሲሞት እንዲሁ ያደርጋል። እብቁን አይቶ የተወቃው ጤፍ ይሁን ገብስ እንደሚለይ ገበሬ፣ ላቦራቶሪውም ከቁርጥራጩ ተነስቶ የታመመ ሴል መኖሩን ይፈልጋል። ይህ ምርመራ ሊኩዊድ ባዮፕሲ ይባላል። በደም ካንሰር ዓይነቶች፣ ማለትም በሉኪሚያ፣ በሊምፎማና በማይሎማ ላይ ብዙ እየተሠራበት ነው። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር ግን አይደለም። ወሬው የቀደመውም ለዚህ ነው።

«እንግዲህ ናሙና መቆረጥና መቅኒ መቀዳት ቀረ»

አልቀረም። አንገቱ ላይ እብጠት የወጣበትን ሰው እንውሰድ። እኛ ዘንድ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠረጥራቸው አንዱ የእጢ ቲቢ ነው፤ ልክም ነው። ሊምፎማ ቢሆንስ? የሊምፎማ ዓይነቱ ከ50 በላይ ነው፤ መድኃኒቱም እንደየዓይነቱ ይለያያል። ያን ለመለየት እጢው ራሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። የደሙ ዲኤንኤ የተበላሸ ጂን ያሳይ ይሆናል እንጂ የእጢውን መልክ አያሳይም።

ሊኩዊድ ባዮፕሲ የሚያይለው ናሙና መውሰድ በሚያስቸግርበት ቦታ ነው። ሆጅኪን በሚባለው ሊምፎማ ከእብጠቱ ውስጥ እውነተኛው የካንሰር ሴል እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ያህል። ቀሪው ለማገዝ የተሰበሰበ ጤነኛ ሴል ነው። ስለዚህ የካንሰሩን ጂን ከእጢው ይልቅ ከደሙ ማንበብ የሚቀልበት ጊዜ አለ። አንጎል ውስጥ ለተደበቀ ሊምፎማ ደግሞ ከጀርባ የሚቀዳው የአከርካሪ ፈሳሽ ከደም የተሻለ ይናገራል።

«ካንሰርን ብረት ከነካው ይበተናል»

ይህ ወሬ ከቲክቶክ በፊትም ነበረ፤ ብዙ ሰውም ጎድቷል። ሰው ባዮፕሲ፣ ማለትም ናሙና መቆረጥ፣ ይፈራና ዓመት ይቆያል። በመጨረሻ በሽታው ከገፋ በኋላ ይመጣል፣ ናሙና ይሰጣል፣ ይሞታል። ጥፋቱ ግን በምላጩ ይላከካል። የደም ካንሰር ከመነሻው በደምና በእጢ የሚዘዋወር በሽታ ነው፤ መርፌ የሚበትነው ነገር የለም።

«የደም ካንሰር ከሆነማ ተራው የደም ምርመራ ይበቃል»

ለአንዳንዱ መነሻ ይሆናል። ሉኪሚያ ብዙ ጊዜ በተራው የደም ቆጠራ፣ በሲቢሲ፣ ይጠረጠራል። ሊምፎማ ግን እጢ ውስጥ፣ ማይሎማ ደግሞ መቅኒ ውስጥ ተቀምጦ የደም ቆጠራው ደህና ሊመስል ይችላል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ምሳሌ ሲኤምኤል የሚባለው ዝግ ብሎ የሚሄድ ሉኪሚያ ነው። ጣፊያን ያሳብጣል። በቆላው ጎጃም ጣፊያው ያበጠ ሰው ወባ ነው ይባላል፤ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ካላዛር። ሁለቱንም መመርመር ተገቢ ነው። ነጭ የደም ሴሉ እጅግ ከፍ ካለ ግን ሌላ ነገር ይታሰባል። በዚህ በሽታ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም (ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ዘንግ) ቁራጭ ተለዋውጠው ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ጂን ይፈጥራሉ። አጥሮ የቀረውን ክሮሞሶም ኖዌልና ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ አገኙት። ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የበሽታው ታሪክ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ክትትሉ በክንድ ደም ነው። በየ3 ወሩ ገደማ ጂኑ ይለካል፤ 0.1 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ሐኪሙ ደስ ይለዋል። በጠባቡ ትርጉም ሊኩዊድ ባዮፕሲ አይባል ይሆናል፣ የሚለካው ከነጭ የደም ሴል ነውና። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ በየጊዜው መቅኒ ሳይቀዱ በሽታውን በደም መከታተል።

«ደሜን ይጨርሱታል»

የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። አለቀ።

«ኔጌቲቭ ከሆነ ድኛለሁ»

ኔጌቲቭ ማለት መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። ጥሩ የሚባለው ምርመራ ከ100,000 ወይም ከሚሊዮን ሴል አንዱን ይይዛል፤ ደካማው ከዚያ በፊት ይቆማል። ስለዚህ «ጠፍቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ክኒን ማቆም አደገኛ ነው። ሲኤምኤል ላይ ለዓመታት ጂኑ በጣም ዝቅ ብሎ የቆየላቸው ሰዎች በሐኪም ውሳኔ መድኃኒት ያቆማሉ። ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ይመለስባቸዋል። መጀመሪያ ላይ በየወሩ የሚመረመሩት ለዚህ ነው።

«ፖዘቲቭ ከሆነ አለቀልኝ»

ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ዕድሜ ሲገፋ የደም ሴሎች ያለ ካንሰርም የጂን ለውጥ ያጠራቅማሉ። ከ70 ዓመት በላይ ካሉ ሰዎች ከ10 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ አብዛኞቹ የደም ካንሰር ሳይዛቸው ይኖራሉ። ምንም የማያማቸውን አባትዎን «በአንድ ጠብታ ሁሉንም እናያለን» ለሚል ነጋዴ ወስደው ቢያስመረምሩ፣ ያላስፈለገ ድንጋጤ ገዝተው ሊመለሱ ይችላሉ።

«ደሙን በአውቶቡስ ልኬ አስመረምራለሁ»

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይ በረሃም አለ። በተራው ቱቦ የተቀዳ ደም ሲቆይ ነጭ የደም ሴሎቹ ይፈነዱና ጤነኛ ዲኤንኤ ያፈሳሉ፤ ጥቂቱ የካንሰር ቁርጥራጭ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ደሙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፊውጅ፣ በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ፣ ዞሮ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) መለየት አለበት። ያ ካልተቻለ ሴሎቹን ለቀናት የሚያቆይ ልዩ ቱቦ አለ። ናሙና ላኩ ከተባሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት በየትኛው ቱቦ እንደሚቀዳና ከስንት ሰዓት በፊት መድረስ እንዳለበት ነው።