ፒ አር ኤ ምንድን ነው? የውሻን ዓይን ቀስ ብሎ የሚያጠፋው በሽታ

ቀን ላይ ምንም አይታይበትም። ይሮጣል፣ ኳሱን ይዞ ይመጣል፣ እንግዳ ሲመጣ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበላል። ሲመሽ ግን ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ ያመነታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ መግባት ይፈራል። ቤተሰቡም «አረጀ» ወይም «ፈሪ ሆነ» ብሎ ያልፈዋል። ውሻው ግን ዳፍንት ይዞት ሊሆን ይችላል። ከውሻ ዳፍንት ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፒ አር ኤ ነው።

ሙሉ ስሙ ፕሮግሬሲቭ ሬቲናል አትሮፊ ይባላል። አንድ በሽታ ብቻ አይደለም፤ በዘር የሚወረሱ ብዙ ተቀራራቢ በሽታዎች የሚጠሩበት ስም ነው። በሁሉም ላይ የሚጎዳው ሬቲና ነው፤ ከዓይን ጀርባ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን። ሬቲና ላይ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚረዱ ሴሎች አሉ፤ በደማቅ ብርሃን ለማየትና ቀለም ለመለየት የሚረዱም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ለዚህ ነው ችግሩ ማታ ማታ የሚጀምረው። ቆይቶ የቀኑም እይታ ይከተላል። ሂደቱ ወራት ወይም ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ ሁለቱንም ዓይን ይይዛል፣ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አለማየት ነው።

ፑድል፣ ኮከር ስፓንየልና ላብራዶር ሪትሪቨር በዚህ በሽታ ከሚታወቁት ዝርያዎች መካከል ናቸው። ድቅል ውሾችንም ይይዛል። በአብዛኞቹ ዓይነቶች ቡችላው የሚታመመው የተበላሸውን ዘረ መል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ደህና አድርገው ሊያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ውሻህ በፒ አር ኤ ከታወረ ምግቡን አበላሽቼበት ይሆን፣ ቶሎ ሐኪም ጋር ባለመውሰዴ ይሆን እያልክ ራስህን አትውቀስ። አንተ ያመጣኸው ነገር አይደለም። ለብዙዎቹ ዓይነቶች የዘረ መል ምርመራ ስላለ፣ ውሻ የሚያራቡ ሰዎች ግን ሳይመረምሩ ማራባታቸው በእኔ እምነት ይቅር የሚባል አይደለም።

በሽታው ራሱ ሕመም የለውም። ዓይን አይቀላም፣ አይቆረቁርም። ልብ ካልክ ብርሃን ላይ ሆኖም የዓይኑ ብሌን ሰፋ ብሎ ታየዋለህ። ማታ መብራት ሲያርፍበትም ዓይኑ ከድሮው ይበልጥ ያበራል። ከሬቲናው ጀርባ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ንጣፍ ስላለ፣ ሬቲናው በሳሳ ቁጥር ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ይጨምራል።

ከሌሎች ችግሮች ጋር አይምታታ። ዕድሜው የገፋ ውሻ ዓይን ውስጥ የሚታይ ቀላል ሰማያዊ ጉም ብዙ ጊዜ የሌንሱ እርጅና ነው፤ እይታውን እምብዛም አይጎዳም። የዓይን ሞራ ሌላ ነው፤ ስኳር ያለባቸውን ውሾች በብዛት ይይዛል፣ ሬቲናው ጤነኛ ከሆነም በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ግላኮማ ደግሞ የዓይን ግፊት ሲጨምር የሚመጣ ነው። ዓይን ይቀላል፣ ይደፈርሳል፣ በጣም ያማል፤ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል ነገ የሚባል ነገር የለም። በቀናት ውስጥ ድንገት ማየት ያቆመም ውሻ በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ለፒ አር ኤ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ተስፋው ያለው በዘረ መል ሕክምና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች ብሪያርድ በተባለ ዝርያ ላይ፣ ከሌላ በዘር ከሚወረስ የሬቲና ችግር ጋር የተወለዱ ውሾችን በዚህ መንገድ እንዲያዩ አድርገው ነበር። በዚያው ዘረ መል ጉድለት ለሚታወሩ ሰዎች የሚሆነው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ጸደቀ። ውሾች ለሰው ልጅ ዓይን የዋሉት ውለታ ይሄ ነው፤ ለራሳቸው ፒ አር ኤ ግን ገና አልደረሰላቸውም።

ብዙ ቤተሰብ «ውሻችን ባንድ ሌሊት ታወረ» የሚለው እውነት መስሎት ነው። አንድ ቀን ሶፋው ቦታውን ይቀይራል፣ ውሻው ሄዶ ይላተማል፣ ሁሉም ይደነግጣል። እሱ ግን ከዚያ በፊት ለወራት በደንብ ሳያይ ኖሯል። መብራት ሲጠፋ በገዛ ቤቱ ሻማ ፍለጋ እንደሚሄድ ሰው፣ ቤቱን በልቡ ይዞታል። አፍንጫውና ጆሮው ከእኛ እጅግ የበለጡ ስለሆኑ ቀሪውን ይሞሉለታል። ይሄንን ማወቅ ሐዘንን ባያጠፋም ያቀላል፤ እኛ ዛሬ የሰማነውን እሱ ሲለማመደው ቆይቷል።

ስለዚህ ትልቁ እርዳታ ቤቱን አለመቀያየር ነው። የውኃው ሳህን፣ መኝታው፣ ወንበሩ ባሉበት ይሁኑ። ደረጃው በመከለያ ይዘጋ፤ ካልሆነም ከደረጃው በፊት ሸካራ ምንጣፍ አንጥፍ፣ እግሩ ሲነካው ይቆማል። ሳትናገር አትንካው፤ በተለይ ተኝቶ ሳለ። ልጆችም ይሄን ይልመዱ፤ ደንግጦ ቢናከስ ክፋት አይደለም። ትንሽ ማየት እየቻለ «ቁም»፣ «ደረጃ»፣ «ቀስ» የሚሉ ቃላትን አስተምረው፤ በኋላ በጣም ይጠቅሙታል። ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ወይም ድመት ካለ በዚያኛው አንገት ላይ ትንሽ ቃጭል እሰር።

አዝነህለት በየሄደበት አትሸከመው። ከመሬት ሲነሳ የት እንዳለ ይጠፋበታል። ግድ ከሆነ መኝታው ወይም ሳህኑ አጠገብ አስቀምጠው፤ ከዚያ ራሱን ያገኛል። የእግር ጉዞውም አይቅርበት። ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ ያዘውና እስኪበቃው ያሽትት።

መጀመሪያ ላይ ሊተክዝ፣ እግርህ ሥር ሊወሸቅ፣ ብዙ ሊተኛ ይችላል። ጊዜ ስጠው። አንተም አልቅስ፣ የምትወደው ነውና። «ከእንግዲህ ምን ሕይወት አለው?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው አይጠፋም። ሕመም ከሌለው፣ እየበላ፣ እየተጫወተ፣ ድምፅህን ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ ከሆነ፣ አለማየቱ ብቻ ዕድሜውን የሚያሳጥርበት ምክንያት አይደለም።

የእንስሳት ሐኪም ክትትሉ ግን ይቀጥል። ፒ አር ኤ ያለባቸው ብዙ ውሾች ቆይተው የዓይን ሞራ ያወጣሉ፤ ሞራው ዓይኑን ሊያስቆጣና ግላኮማ ሊያስከትል ይችላል። ዓይኑ ከቀላ፣ በእግሩ ካሸው ወይም ጨፍኖ አልገልጥ ካለ በዚያው ቀን ውሰደው።