የዲስክ ቤንችማርክ ምንድን ነው?

እንደገና አየሁት። አንድ ሰው የዲስኩን ፍጥነት ልለካ ብሎ በዲዲ (ሊኑክስ ላይ ዳታ የሚገለብጥ ትዕዛዝ) ዜሮ የሞላበት ፋይል ጽፎ «የእኔ ኤስኤስዲ በሰከንድ 2 ጊጋባይት ይጽፋል» የሚል ስክሪንሹት። ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘው ሳታ በሚባለው መስመር ነው። ሳታ 3 ራሱ በሰከንድ ከ600 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። የቀረው ታዲያ በየት በኩል ገባ?

አልገባም። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም «ጻፍልኝ» ሲል ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ዳታውን ራም ላይ ያስቀምጥና «እሺ» ይላል። ዲስኩ ላይ የሚያወርደው ቆይቶ ነው። ምግብ ቤት ገብተህ ጥብስ ስታዝ አስተናጋጁ «እሺ» ይልህ የለ? ጥብሱ ገና አልተጠበሰም፤ ምናልባት ሥጋውም አልተከተፈም። ወንድሜ፣ አንተ የለካኸው የአስተናጋጁን ምላስ ነው።

ጥብሱ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ መጠበቅ ኤፍሲንክ ነው፤ ዳታው ዲስኩ ላይ እስኪወርድ የሚያስጠብቅ ትዕዛዝ። ዳታቤዝ አንድን ክፍያ «ተመዝግቧል» ከማለቱ በፊት የሚጠብቀው ይህን ነው። ዜሮውም የራሱ ጣጣ አለው። ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሲስተም ላይ ኮምፕረሽን (ዳታ ማመቅ) በርቶ ከሆነ ዜሮው ታምቆ የሚጻፍ ነገር ስለማይቀር ባዶ ሳህን አዘህ «እንዴት ቶሎ ደረሰ!» እንደማለት ነው።

«እኔ ግን በዳይሬክት ነው የለካሁት» የሚል አይጠፋም። ጥሩ፤ የራሙን ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) አልፈሃል። የዲስኩን ግን አላለፍክም። ብዙ ርካሽ ኤስኤስዲዎች ከፊል ሴሎቻቸውን (ዳታ የሚቀመጥባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች) በየሴሉ አንድ ቢት ብቻ እየጻፉ እንደ ፈጣን ማቆያ ይጠቀሙባቸዋል። ጠዋት ተጋግሮ የተደረደረ እንጀራ በለው። ቀድሞ የመጣ ቶሎ ይበላል። መሶቡ ሲያልቅ ሁሉም ምጣዱን ይጠብቃል። የግማሽ ደቂቃ ሙከራ ምጣዱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

እና ቤንችማርክ ምንድን ነው? እውነተኛውን ሥራ የሚመስል ጭነት ሠርቶ ዲስኩ ላይ መልቀቅ ነው። «የዲስኩ ፍጥነት» የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ፊዮ የተባለውን መሣሪያ የጻፈው የንስ አክስቦ፣ የሊኑክስን ብሎክ ሌየር (ከርነሉ ከዲስክ ጋር የሚነጋገርበትን ክፍል) የሚንከባከበው ሰው ነው። የጻፈውም ለእያንዳንዱ ጭነት አዲስ የሙከራ ፕሮግራም መሥራት ስላሰለቸው ነበር። ፊዮ ይጠይቅሃል፦ ብሎኩ ስንት ኪሎባይት? በተርታ ወይስ በዘፈቀደ? ንባብ ስንት እጅ፣ ጽሕፈት ስንት እጅ? ስንት ጥያቄ በአንድ ጊዜ?

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ሻጮች የሚያሳዩህ ትልቅ አይኦፒኤስ (በሰከንድ የሚስተናገድ የንባብና የጽሕፈት ጥያቄ ብዛት) ብዙውን ጊዜ 32 ወይም ከዚያ በላይ ጥያቄ በአንዴ ተደርድሮ የተገኘ ነው። ወጥ ቤቱ 32 ትዕዛዝ አንድ ላይ ሲደርሰው ምድጃው ሁሉ ይሠራል። ብቻህን ገብተህ አንድ ጥብስ ካዘዝክ ግን ያ ሁሉ ምድጃ አይጠቅምህም። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ 8 ኪሎባይት፣ 8 ኪሎባይት እያነበበ አንዱ ሳይመጣ ሌላውን በማይጠይቅበት ሰዓት አንተ ያ ብቸኛ እንግዳ ነህ።

እኔ ዳታቤዝ ላይ ስለምሠራ አማካይ ላይም እምነት የለኝም። ከመቶ ጥያቄ የመጨረሻው ዘገምተኛ ስንት ሚሊሰከንድ ቆየ? ደንበኛ ስልክ የሚደውለው በእሱ ምክንያት ነው። ደግሞ የሰርቨር ኤስኤስዲ ኤፍሲንክ ላይ ከላፕቶፑ እጅግ ቢፈጥን አትገረም። ብዙዎቹ መብራት ሲጠፋ ካሹን የሚያድን ካፓሲተር አላቸው፤ ስለዚህ ዳታው ካሹ ላይ እንደደረሰ «እሺ» ሲሉ ያምርባቸዋል።

ልሞክረው ካልክ፣ ፊዮን ለዚሁ በተፈጠረ ፋይል ላይ አስጀምረው። የዲስኩን ስም ራሱን ሰጥተህ «ጻፍ» ካልከው ያለውን ሁሉ ደምስሶ ይጽፍበታል፤ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ።